የፍጥነት ካሜራ ይሠራል? ከመከራከራችሁ በፊት ለኩ

ድሬ ላይ መኪና ሰው በገጨ ቁጥር ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ካሜራ ይተከልልን፣ ሹፌር ኪሱ ካልተነካ አይገባውም» ይላል። ሌላው «አቦ ተወን፣ ካሜራ ማለት ብር መልቀሚያ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሻሂው እስኪቀዘቅዝ ይከራከራሉ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ። ያ መንገድ ላይ መኪና በስንት እንደሚያልፍ ግን ከሁለቱም ወገን የሚያውቅ የለም።

አጭሩን መልስ መጀመሪያ ልንገራችሁ። ካሜራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኮክሬን የሚባለው የጥናት ማዕከል 35 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ ካሜራ በቆመባቸው ቦታዎች አካባቢ አደጋ ከ8 እስከ 49 በመቶ ቀንሶ አገኘው። ሰው የሞተበት ወይም ክፉኛ የተጎዳበት አደጋ ደግሞ ከ11 እስከ 44 በመቶ ቀንሷል። አሁን እነዚህን ቁጥሮች ደግማችሁ እዩአቸው። 8 እና 49 ምን ያገናኛቸዋል? አንዱ «አለ እንዴ?» የሚያሰኝ ነው፣ ሌላው ግማሽ ነው። ስለዚህ «ካሜራ ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያራምድም። የሚሻለው ጥያቄ «እዚህ እኛ መንገድ ላይ፣ በዚህ አተካከል፣ ይሠራል ወይ?» የሚለው ነው። ለእሱ መልስ ለማግኘት ስልክ፣ ረዘም ያለ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ደብተርና አንድ ትዕግሥተኛ ጓደኛ ይበቃችኋል። ካሜራ ባይኖርም ግድ የለም። ትራፊክ ፖሊስ ራዳር ይዞ የሚቆምበት ቦታም ሆነ ጉብታ የተሠራበት መንገድ የሚፈተሸው በዚሁ ዘዴ ነው።

ቦታና ሰዓት መምረጥ

ቀጥ ያለ፣ ሜዳ የሆነ፣ ከሁለቱም በኩል በደንብ የሚታይ መንገድ ያዙ። ሳቢያን ውስጥ እንዲህ ያለ መንገድ አይጠፋም። ከዚራ ደግሞ ዛፍ ስላለ ለለኪው ይመቻል፣ በድሬ ፀሐይ ሁለት ሰዓት መቆም ቀልድ አይደለም። የመጋላን ጠባብ መንገዶች ግን እለፏቸው። እዚያ ችግሩ ሌላ ነው፤ ሰውም ጋሪም ባጃጅም አንድ ላይ ተጠቅጥቆ ማን ይከንፋል? አደባባይ፣ መብራት ወይም ጉብታ አጠገብም አትለኩ። እዚያ ሁሉም ፍሬን ይዞ ስለሚያልፍ የምታገኙት ቁጥር ያሞኛችኋል።

ሰዓቱ ከቦታው እኩል ወሳኝ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ከተማው ጭር ይላል። ሙቀቱም ጫቱም ሰውን ቤት ያስቀምጠዋል። መንገድ ሲለቀቅ ደግሞ የመኪና ልብ ያብጣል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ባጃጅ ተማሪና ሠራተኛ ሲያመላልስ የለካችሁት ፍጥነት ከሰዓት ከምታገኙት ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ለኩ፤ አንዱን ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ወይም ሲወጡ፣ ሌላውን መንገዱ ባዶ ሲሆን። የጫት መኪና የሚያልፍበት መንገድ ከሆነ የእሱን ሰዓት ለብቻው ያዙት። ከአወዳይ የተጫነ ጫት ካረፈደ ይጠወልጋል፣ ከጠወለገ ዋጋው ይወድቃል። ሹፌሩ ለምን ነዳጅ እንደሚረግጥ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ቅጣት የሚያስፈራው ሰው ከቅጣቱ የበለጠ የሚያስቸኩለው ነገር ሲኖር ምን እንደሚያደርግ እናንተው አስቡት።

ከመውጣታችሁ በፊት ለቀበሌው ንገሩ፣ አካባቢውን ለሚቆጣጠረው ትራፊክ ፖሊስም ንገሩ። ይሄን አትናቁት። ሜትር ዘርግቶ መንገድ የሚለካ ሰው ሲታይ ሰፈሩ መጀመሪያ የሚለው «ቤት ሊፈርስ ነው እንዴ?» ነው። መኪና የሚቀርጽ ሰውማ ጭራሽ ጥርጣሬ ያመጣል። ለሱቁ ባለቤት፣ ለጥበቃው፣ በር ላይ ለተቀመጡት እማማ ሁሉ አስረዱ። ብዙ ጊዜ እንደውም መንገዱን ከናንተ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ «ሌሊት ብትመጡ ነው ጉዱን የምታዩት» ይሏችኋል፣ እውነታቸውንም ነው። የቀረጻችሁትን ቪዲዮ ታርጋ እያሳያችሁ የትም አትልቀቁ። ሥራችሁ ማንንም ማጋለጥ አይደለም።

50 ሜትር፣ ሁለት መስመር፣ አንድ ስልክ

በመንገዱ ጠርዝ 50 ሜትር ለኩ። ሜትራችሁ 5 ሜትር ብቻ ከሆነ 50 ሜትር ሲባጎ ለክታችሁ አዘጋጁ፤ አሥር ጊዜ እያነሱ እየጣሉ መለካት ስህተት ያጠራቅማል። የመብራት ምሰሶ ቆጥሮ «በምሰሶ መካከል ይሄን ያህል ነው» ማለት አይሠራም፣ የምሰሶ ርቀት ከቦታ ቦታ ይለያያል። መንገዱ ባዶ ሲሆን መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ አስፋልቱን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ የጠመኔ መስመር አስምሩ። አንዱ ሲያሰምር ሌላው መኪና ይጠብቅ፣ ሁለታችሁም አታጎንብሱ። ጠመኔው በማግሥቱ ስለሚጠፋ የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ትንሽ ምልክት አድርጉ። በኋላ ተመልሳችሁ ስትለኩ ያው ቦታ መሆን አለበት።

አሁን ስልኩን ሁለቱም መስመሮች የሚገቡበት ቦታ ላይ አስቀምጡትና ቪዲዮ ይቅረጽ። ግድግዳ ላይ፣ በረንዳ ላይ፣ ከተቻለ ከፍ ያለ ቦታ። አንድ ወሳኝ ነገር አለ፦ ሹፌሩ እንዳያያችሁ። ጎዳና ዳር ቆሞ ስልክ ወደ መኪና የሚደግን ሰው ሲያይ ሹፌር ሁሉ ራዳር መስሎት ፍሬን ይይዛል። ያኔ የለካችሁት የሹፌሩን ድንጋጤ ነው።

ማታ ቤት ገብታችሁ ቪዲዮውን እየከፈታችሁ የፊት ጎማ የመጀመሪያውን መስመር የነካበትን፣ ከዚያም ሁለተኛውን የነካበትን ሰዓት ጻፉ። የመኪናውን አፍንጫ ሳይሆን ጎማውን ተከተሉ። ከጎን ሲታይ አፍንጫው የት እንዳለ ዓይን ይሳሳታል፣ ጎማው ግን ወይ መስመሩ ላይ ነው ወይ አይደለም። የሁለቱን ሰዓት ልዩነት አውጡና 180ን ለዚያ ሰከንድ አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር ፍጥነቱ ነው፣ በሰዓት ኪሎ ሜትር። 6 ሰከንድ ከፈጀበት 30 ነው። 4.5 ሰከንድ 40 ነው። 3.6 ሰከንድ 50፣ 3 ሰከንድ ደግሞ 60። በቃ፣ ሌላ ሒሳብ የለውም።

ቪዲዮ ካልተመቻችሁ በስልክ ሰዓት መያዣም ይሆናል፣ ግን ጣት ትዘገያለች። 50 ሜትር ላይ 0.3 ሰከንድ ብትሳሳቱ በ50 የሚሄደውን መኪና 46 ወይም 55 ታደርጉታላችሁ። መንገዱ ረጅምና ገላጣ ከሆነ 100 ሜትር ለኩና 360ን አካፍሉ፣ ስህተቱ በግማሽ ይወርዳል።

የትኛውን መኪና ልለካ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላሸው። ዓይን የሚያስደነግጠውን መኪና ይመርጣል። እየጮኸ የመጣውን አይሱዙ ትለካላችሁ፣ በሰላም ያለፈችውን ቪትዝ ትረሷታላችሁ፣ መጨረሻ ላይ መንገዱ የሞት ሜዳ ይመስላችኋል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ደንብ አውጡ። ለምሳሌ በየሦስተኛው የሚመጣውን፣ ምንም ይሁን ምን። ከባጃጅ ኋላ ተይዞ የሚያዘግመውን ግን ዝለሉት፤ እሱ ፍጥነቱን ራሱ አልመረጠም። ባጃጅን ደግሞ በሌላ ገጽ መዝግቡ። ድሬ ላይ ይሄ ግድ ነው። ባጃጁን ከመኪናው ጋር ከቀላቀላችሁት ባጃጁ ብዙ ስለሆነ አማካዩን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ «ኧረ መንገዱ ሰላም ነው» ያሰኛችኋል። ሰው የሚገድለው ፈጣኑ ነው፣ አማካዩ ውስጥ ግን ተደብቋል።

100 ያህል መኪና ሲሞላላችሁ ከቀርፋፋው ወደ ፈጣኑ በተርታ ጻፏቸው። ሁለት ቁጥር አውጡ። አንዱ አማካዩ ነው። ሌላው 85ኛው ላይ ያለው መኪና ፍጥነት። መንገድ መሐንዲሶች ይሄን ሁለተኛውን በጣም ይወዱታል፤ ከመቶ 85ቱ ከዚህ በታች ነው የሚነዱት ማለት ነው። ምልክቱ 40 ብሎ 85ኛው መኪና በ62 ካለፈ፣ ችግሩ የአንድ ሁለት ዱርዬ ሹፌር አይደለም። መንገዱ ራሱ «ንዳ» እያለ ነው። ሰፊና ቀጥ ያለ አስፋልት ከምልክት ሰሌዳ በላይ ይናገራል።

ለምን የ20 ኪሎ ሜትር የፍጥነት ልዩነት ያን ያህል ያስጨንቃል?

«በ50 ብሄድ በ30 ብሄድ ምን ለውጥ አለው?» ለሚላችሁ ሰው ይሄን አሳዩት። ዜብራ ካለበት ቦታ ወደ ኋላ 13 ሜትር ለክታችሁ ጠመኔ አድርጉ። ልጅ ዜብራው ላይ ድንገት ገባ እንበል። ሹፌር አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በ30 የሚሄደው በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ይጓዛል፣ ከዚያ ደረቅ አስፋልት ላይ ደህና ፍሬን ካለው በ5 ሜትር ይቆማል። ድምሩ 13 ሜትር፤ ልጁ አጠገብ ቆመ። በ50 የሚሄደው በዚያችው አንድ ሰከንድ 14 ሜትር ሄዷል። ማለትም ዜብራው ላይ ሲደርስ ገና ፍሬኑን ሊነካ ነው። ልጁን የሚያገኘው በሙሉ 50ው ነው። ሰዉን ጠመኔው ላይ አቁማችሁ ብታስረዱት ሌላ ክርክር አያስፈልግም።

ከዚያ በላይማ የባሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ65 የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ በ50 ከተገጨው 4.5 እጥፍ ነው። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ደግሞ ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይሄን የመጨረሻውን ያዙልኝ፣ ወደታች እንፈልገዋለን።

ሦስት ቦታ ለኩ፣ አንድ ቦታ አይበቃም

ራዳር፣ ካሜራ ወይም ጉብታ ያለበትን መንገድ ስትፈትሹ እዚያው ቦታ ላይ ብቻ አትለኩ። እዚያማ ሁሉም ጨዋ ነው። ከቦታው 500 ሜትር ቀደም ብላችሁ ለኩ፣ እዚያው ለኩ፣ ከዚያ ካለፈ በኋላ 1.5 ኪሎ ሜትር ላይ ለኩ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት።

ለምን 1.5? እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ ኤል.ኤስ.ኢ. በሚባለው ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የእንግሊዝን ካሜራዎች ሲፈትሽ፣ ከካሜራው በ500 ሜትር ውስጥ አደጋ ከ17 እስከ 39 በመቶ፣ ሞት ደግሞ ከ58 እስከ 68 በመቶ ቀንሷል ብሏል። ትልቅ ነገር ነው። ግን ከ1.5 ኪሎ ሜትር ወዲያ አደጋ እንደገና የመጨመር ምልክት አሳይቷል። ሹፌሩ ካሜራውን ሲያልፍ የከሰረውን ደቂቃ ለማካካስ ይረግጣል። እኛ አገር ለዚህ ካሜራም አያስፈልግም፣ ከፊት የሚመጣው መኪና ረጅም መብራት ብልጭ ካደረገ «ትራፊክ አለ» ማለት ነው፣ ሁሉም ቀበቶውን አስሮ በትሕትና ይነዳል፣ ትራፊኩ ከመስታወቱ ሲጠፋ ያው ነው። ጉብታም እንዲሁ ነው። ባጃጁ ጉብታው ላይ ቀጥ ብሎ፣ ሲወርድ ተስፈንጥሮ ይሄዳል።

ሦስቱን ቁጥር ጎን ለጎን አድርጉ። 55፣ 35፣ 58 ካገኛችሁ ነገሩ የሚሠራው ለዚያች ቦታ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ከሆነ ይሄም በቂ ነው፣ የምትፈልጉት እዚያች ጋ ቀስ እንዲል ነውና። መንገዱ በሙሉ አደገኛ ከሆነ ግን አንድ ካሜራ ለከተማው ጌጥ ነው።

ለረጅም መንገድ የሚሻል ዘዴ አለ። ሁለት ካሜራ ይተከላል፣ አንዱ መግቢያ ላይ ታርጋውን ያነባል፣ ሌላው መውጫ ላይ፤ በመካከሉ የፈጀውን ሰዓት ተቆጥሮ አማካይ ፍጥነቱ ይወጣል። 10 ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ከጨረስክ 100 ነበርክ፣ ፍሬን መያዝህ አያድንህም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የኖርዌይ ትንተና ተራው ካሜራ አደጋን 20 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ይሄኛው 30 በመቶ ይቀንሳል ይላል፣ ሞትና ከባድ ጉዳትን ደግሞ 56 በመቶ። መውጫው ጥቂት ለሆነ መንገድ፣ ለምሳሌ ወደ ደወሌ ለሚወስደው የክፍያ መንገድ ዓይነት፣ እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ይሄንን ነው።

ደንገጎስ? ይሄ ከሐረር በኩል ወደ ድሬ የሚወርደው ቁልቁለት ለብቻው መታየት አለበት፣ ምክንያቱም «ደንገጎ ላይ ካሜራ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ጭነት ይዞ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ከባድ መኪና ፍሬኑ እየጋለ ይሄዳል፣ የጋለ ፍሬን መያዙን ያቆማል። ከዚያ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል፣ ብዙ ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም፣ ያለቀው ሙቀት የመቻል አቅሙ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ታች ኩርባው ላይ የቆመ ካሜራ ፎቶ ያነሳው ይሆናል እንጂ አያቆመውም። እዚያ የሚያስፈልገው ከላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ መኪና አስቁሞ ፍሬንና ጭነት ማየት፣ በከባድ ማርሽ እንዲወርድ ማስገደድና ፍሬን የሸሸው መኪና የሚወጣበት የአሸዋ ማምለጫ ነው። እየዞሩ በሚወርዱበት መንገድ ደርቦ ማለፍ ሌላው ገዳይ ነው፣ እሱንም የፍጥነት ካሜራ አያይም።

«ከተተከለ ወዲህ አደጋ በግማሽ ቀነሰ» ሲባል

ይሄ ዜና ሲመጣ ከማጨብጨባችሁም ከመሳለቃችሁም በፊት የሉዶ ዳይስ አምጡ። ቀልዴን አይደለም። ወረቀት ላይ ሃያ መንገድ ጻፉ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ጊዜ ጣሉ። የወጣው ቁጥር የዘንድሮ አደጋው ነው። አሁን ከፍተኛ የወጣባቸውን ሦስቱን ምረጡ። 6፣ 6፣ 6 ይሆናል ብዙ ጊዜ፤ ድምሩ 18። «እነዚህ አደገኛ ናቸው፣ ካሜራ ተከልንባቸው» በሉ። ምንም ሳታደርጉ ለሦስቱ እንደገና ጣሉ። አንዳንዴ ትንሽ ከፍ ቢል፣ አንዳንዴ ዝቅ ቢልም፣ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 11 አካባቢ ይመጣል። 40 በመቶ ቀነሰ! ካሜራውም የለም፣ መንገዱም የለም፣ ዳይስ ነው።

እውነተኛውም መንገድ ላይ እንዲሁ ነው። ካሜራ የሚተከለው መጥፎ ዓመት ያሳለፈ ቦታ ላይ ነው፣ መጥፎ ዓመት ደግሞ ግማሹ ዕድል ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ይረግባል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ግምገማ ካሜራ ያለባቸው ቦታዎች ላይ የሞቱና ክፉኛ የተጎዱ ሰዎች ቁጥር 42 በመቶ ቀንሷል ተባለ፤ የዚህ ዓይነቱ መርገብ ሲቀነስለት ግን የካሜራው ድርሻ ከዚያ በጣም ያነሰ ሆነ። ልብ በሉ፣ ያነሰ እንጂ ዜሮ አልሆነም። «ካሜራ ውሸት ነው» የሚሉትም ይሄን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር መስማት አለባቸው።

ስለዚህ ጠይቁ። የአንድ ዓመት ሳይሆን የሦስት ዓመት ቁጥር ከመተከሉ በፊት አለ? ካሜራ ያልተተከለበት ተመሳሳይ መንገድስ በዚያው ጊዜ ምን ሆነ? የተነጻጸሩት ወሮች አንድ ናቸው? ይሄ የመጨረሻው እኛ ዘንድ ብዙ ያሳስታል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ያን ሰሞን በዚህ በኩል ያለው መንገድ ከየአገሩ በመጣ መኪና ይሞላል። ታኅሣሥን ከጥር ጋር አወዳድሮ «ቀነሰ» ማለት በዓል አለፈ ማለት ነው። ዒድና የረመዳን ምሽቶችም የመንገዱን ሰዓት ይቀይሩታል፣ በዚያ ላይ ረመዳን በየዓመቱ ቦታውን ይለውጣል።

ቁጥሩ ራሱስ ምን ያህል ሙሉ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ የመዘገበችው የመንገድ ሞት 4,352 ሲሆን፣ ድርጅቱ ራሱ ለ2016 የገመተው 27,326 ነበር። ልዩነቱን አያችሁት። ቀላል ጉዳትማ በሽማግሌ ታርቆ፣ ሕክምናው ተከፍሎ፣ መዝገብ ሳይነካ ያልቃል። ለዚህ ነው አንድ መንገድ ላይ አደጋ ከመቁጠር ፍጥነት መለካት የሚሻለው። አደጋው በዓመት ሦስት ቢሆን፣ በሚቀጥለው ሁለት ቢሆን ምንም አይነግራችሁም። አማካይ ፍጥነቱ ከ52 ወደ 46 ከወረደ ግን በአንድ ቀን ታውቃላችሁ፣ ቅድም ያዙልኝ ባልኳችሁ የ1 በመቶ ሒሳብ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት ትችላላችሁ።

ምን እንጠይቅ?

ቁጥራችሁን ይዛችሁ «ካሜራ ስጡን» ከማለታችሁ በፊት ሌላውንም እዩ። ካሜራ ብቻውን አይሠራም። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ፣ በየጊዜው ልኬቱ የሚፈተሽ፣ ታርጋ ማንበብ የሚችል መሆን አለበት። ታርጋውስ? ጭቃ የለበሰ፣ የታጠፈ፣ ጭራሽ የሌለው ስንት አለ። ታርጋው ቢነበብ ደግሞ ቅጣቱ የሚሄደው ለባለንብረቱ ነው፣ የነዳው ግን ሹፌሩ ነው። ባጃጅና ሚኒባስ ላይ ሹፌሩ በቀን ለባለንብረቱ የሚያስገባው ብር ተቆርጧል፤ ያን ብር ለማሟላት ነው የሚሮጠው። ይሄ ሳይነካ ካሜራ መደርደር ሹፌሩን ከሁለት ወገን መጭመቅ ይሆናል።

ርካሹ መድኃኒት ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ነው። ጋና ውስጥ ከአክራ ወደ ኩማሲ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ሱሁም መገንጠያ ላይ፣ ጎማ ሲያልፍባቸው የሚያንዘፈዝፉ መስመሮች አስፋልቱ ላይ ተነጠፉ። አደጋ 35 በመቶ ገደማ፣ ሞት 55 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ፖሊስ የለ፣ ካሜራ የለ፣ ቅጣት የለ። ትምህርት ቤት በር ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ዜብራ ቀንም ሌሊትም ሥራ ላይ ነው፣ ብልጭ ተደርጎለት አያመልጡትም። ጉብታ የማይሆነው ከባድ መኪናና አምቡላንስ የሚበዛበት ዋና መንገድ ላይ ነው፤ ለምሳሌ ሆስፒታል መግቢያ ላይ ታማሚ ይዞ ጉብታ መዝለል ግፍ ነው። ካሜራን የምትጠይቁት ለእንዲህ ያለው ቦታ ነው።

ካሜራ ከጠየቃችሁ ደግሞ ከፊቱ ትልቅ ምልክት ይኑረው በሉ። «ከተነገረው ማን ይያዛል?» ይባላል፤ ማንም ባይያዝ ደስ ይበላችሁ፣ የፈለጋችሁት ቀስ እንዲል እንጂ እንዲከፍል አይደለም። የቅጣቱ ብር ምን ላይ እንደሚውልም በግልጽ ይለጠፍ። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በተነሳው የቢጫ ሰደርያ አመፅ ከአገሪቱ ካሜራዎች 60 በመቶው ገደማ ተሰባብሮ ወይም ተሸፍኖ ነበር። ሕዝብ ካሜራን እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ካየው መጨረሻው እንደዚያ ነው። (በነገራችን ላይ በዓለም የታወቀውን የፍጥነት ካሜራ የፈጠረው ሞሪስ ጋትሶኒደስ የሚባል ሆላንዳዊ ራሱ የመኪና ተወዳዳሪ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የሞንቴ ካርሎ ራሊ አሸናፊ። መሣሪያውን የሠራው ኩርባ ላይ ይበልጥ ፈጥኖ ለመንዳት ነው።)

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። ምሬት ሳይሆን ቁጥር ይግባበት፦ የመንገዱ ስም ወይም ምልክቱ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስንት መኪና እንደተለካ፣ አማካዩ፣ 85ኛው፣ ባጃጁ ለብቻ፣ እንዴት እንደለካችሁ በሁለት መስመር። ከሥር የምትጠይቁትን አንድ ነገር ጻፉ፤ አምስት ነገር ከጠየቃችሁ አንዱም አይሠራም። ዕድርና የትምህርት ቤቱ ወላጆች ኮሚቴ ቢፈርሙበት ክብደት አለው። ለቀበሌና ለትራፊክ ፖሊስ አስገቡ፣ መንገዱን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ግልባጭ ስጡ። የገቢ ቁጥር ሳትቀበሉ አትውጡ።

የጠየቃችሁት ከተሠራ ሥራው አላለቀም። ከአንድ ወር በኋላ በዚያው የሳምንት ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ጠርዙ ድንጋይ ላይ ካደረጋችሁት ምልክት ተነስታችሁ እንደገና ለኩ፤ ከዚያ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ። የመጀመሪያው ወር ሁሉም ይጠነቀቃል፣ ስድስተኛው ወር ነው እውነቱን የሚናገረው። ጎን ያለውን ትይዩ መንገድም አትርሱ። ባጃጅ ጉብታ ሲበዛበት ኮብልስቶኑን ቆርጦ በውስጥ ያልፋል፣ እዚያ ደግሞ የሚጫወቱት ትንንሽ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ያንንም መንገድ ለክታችሁ ያዙ፣ በኋላ የምታወዳድሩበት እንዳታጡ።